ሪፑብሊክ ማለት ምን ማለት ነው? ከመተማ ቆላ የተነሣ ጥናት



በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ፣ በየማኅተሙና በየደብዳቤው አናት ላይ «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ» የሚል ስም ተጽፎ እናያለን። «ፌዴራላዊ» የሚለው ቃል ብዙ ክርክር ያስነሣ በመሆኑ ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም። «ዴሞክራሲ» ሲባልም ምርጫውና የድምፅ መስጫ ሣጥኑ ወዲያው በዐይነ ኅሊናችን ይደቀናሉ። የመጨረሻው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ወጣቶች በጉባኤያቸው «ሪፑብሊክ ምንድር ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ንጉሥ የሌለው አገር ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም በሪፑብሊክ ውስጥ ምን እንደሌለ ይነግራቸዋል እንጂ ምን ሊኖር እንደሚገባ አይነግራቸውም።

ቃሉ በአገራችን ሕግ ውስጥ የገባበት ታሪክ አጭር ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ያጸና ነበር። የ1948ቱ ተሻሽሎ ሲወጣ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ። ዘውዱ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሻረ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት አገሪቱን «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ» ብሎ ሰየማት፤ አሁን የምንጠራበትን ስም የያዘው ሕገ መንግሥት ደግሞ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ጸድቆ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ስሙ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል። ነገሩ ራሱ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ግን ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ መመልከት የሚጠቅም መስሎ ስለታየን፣ በዚህ እትም መተማንና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ለምሳሌነት መርጠናል።

ሁለት ቃላት፣ ሁለት ጥያቄዎች

«ዴሞክራሲ» ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ «ዴሞስ» ሕዝብ፣ «ክራቶስ» ኃይል ወይም ሥልጣን ማለት ነው። ቃሉ የሚመልሰው ጥያቄ «የሚወስነው ማን ነው?» የሚለውን ነው። «ሪፑብሊክ» ግን ከላቲኑ «ሬስ ፑብሊካ» የተገኘ ነው፤ ይኸውም «የሕዝብ ነገር»፣ «የጋራ ጉዳይ» ማለት ነው። ይህኛው የሚጠይቀው «አገሩ የማን ነው?» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ብዙኃኑ በድምፅ ብልጫ ወስኖ አገሩን የራሱ ብቻ ሊያደርግ ይችላልና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ምእት ዓመት የኖረው ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ሪፑብሊክ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕዝብ ማለት እንዲሁ የተከማቸ ሰው ሁሉ እንዳልሆነና በፍትሕ ላይ በመስማማትና ጥቅምን በመጋራት የተያያዘ ጉባኤ መሆኑን አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የሰሜን አፍሪካው ቅዱስ አጎስጢኖስ ይህንኑ ፍቺ ተቀብሎ በራሷ በሮም ላይ መልሶ ሰነዘረው፤ ፍትሕ በሌለበት «የሕዝብ ነገር» የለም፤ ስለዚህ ሮም በዚህ መለኪያ አንድም ቀን ሪፑብሊክ ሆና አታውቅም አለ። ካቴኪስቶቻችን ይህን የአጎስጢኖስን ድፍረት ልብ እንዲሉት እንወዳለን። መለኪያው የአገሩን ታላቅነት ወይም የሠራዊቱን ብዛት አይመለከትም፤ የሚመለከተው በዚያ አገር ለሚኖር ሰው ሁሉ ፍትሕ መድረሱን ነው።

የሲሴሮ ሌላው ትምህርት ስለ ነፃነት ነው። ነፃ መሆን ማለት ደግ ጌታ ማግኘት ማለት እንዳልሆነ፣ ጭራሹን ጌታ አለመኖሩ እንደሆነ አስተምሯል። በዘመናችን ፊሊፕ ፔቲት የተባለው አየርላንዳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ አድሶ አቅርቦታል። አንድ ባሪያ የማይመታው፣ የማይሰድበው፣ ጠግቦ የሚያበላው ጌታ ቢገጥመው ነፃ ነውን? የዛሬው ምቾቱ የሚቆየው የጌታው መልካም ጠባይ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የጌታውን ፊት ያያል፤ ሲስቅ ይስቃል፣ ሲቆጣ ይደበቃል። ማንም ባይነካውም በሰው ፈቃድ ሥር ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ሪፑብሊክ ማለት ማንም ሰው እንዲህ የሌላውን ፊት እያየ የማይኖርበት፣ ሁሉም በእኩል ሕግ ጥላ ሥር የሚያድርበት አገር ነው።

ይህ ምሳሌ ለመተማ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት መተማና ገላባት በሱዳንና በኢትዮጵያ ደጋ መካከል ታላቅ የገበያ ቦታ ነበሩ። ቡና፣ ሰም፣ ጥጥና ከብት ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ ያየውን የባሪያ ንግድ በመጽሐፉ መዝግቦታል። በወሰኑ ቆላ የሚኖሩ የጉሙዝ ሰዎች በዚህ ንግድ ምክንያት ለብዙ ዘመን ታድነዋል፤ ስማቸውን ትተን የስድብ ስም የሰጠናቸውም በዚያው ዘመን ነው። አገራችን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ዐዋጅ አወጣች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ጨርሶ በሕግ ቀረ። ከሕጉ ወዲህ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላም። የጉሙዝ ተወላጆች ዛሬም በመተማና በቋራ ጎረቤቶቻችን ናቸውና፣ ስለ እነርሱ በምንናገርበት ጊዜ አፋችንን መመርመር ይገባናል።

የመተማ ሰዎች

መተማን ብዙዎቻችን የምናውቃት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁባት ስፍራ በመሆኗ ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ተብላ ትጠራለች። ወሰኑ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ውል ተለይቶ ገላባት በሱዳን፣ መተማ በኢትዮጵያ ቀሩ። ነገር ግን ከጦርነቱም ከውሉም በፊት ስፍራው የብዙ ዐይነት ሰው መናኸሪያ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ተነሥተው ወደ መካ ሲጓዙ በዚያው የቀሩት ተክሩሮች በራሳቸው ሼኽ ይተዳደሩ ነበር፤ ግብርም ለሁለቱም ወገን ይከፍሉ ነበር። የደጋው ነጋዴ፣ የሱዳን ዐረብ፣ ጉሙዙ፣ ቅማንቱ፣ ዐማራው፣ ትግሬው በዚያ ገበያ ተገናኝተዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት መሬት ካነሳቸው የደጋ ወረዳዎች ብዙ ሰፋሪዎችን ወደ መተማና ወደ ቋራ አውርዷል። በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር ወደ 3 ዞኖች ሲከፈል ምዕራብ ጎንደር ራሱን ችሎ ዞን ሆነ፤ መቀመጫውም ገንዳ ውኃ ነው።

የዚህ ቆላ ሀብት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። ሰሊጥ ግን ጸባየኛ ሰብል ነው። ከደረሰ በኋላ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ የሰው እጅ ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ለአጨዳ፣ ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም ስፍራ ቁጥሩ የበዛ ወጣት ይወርዳል። የአካባቢው ሰው ይህን የወቅት ሠራተኛ «ሳሉግ» ይለዋል።

እስቲ ከደጋ የወረደ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በአሳባችን እንከተል። ከመናኸሪያ ሲወርድ ደላላ ይቀበለዋል። ዋጋው በቃል ይነገረዋል። ከመንገድ ርቆ ወደሚገኝ እርሻ በመኪና ይወሰዳል። ውኃው፣ እንጀራው፣ መድኃኒቱ፣ የሚመለስበት መኪና ሁሉ በአሠሪው እጅ ነው። ሌሊት በግራር ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ይተኛል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባውም በዚያው ነው። ወባውን አስቀድሞ ያልለመደው የደጋ ልጅ ፈጥኖ ይወድቃል። ቢታመም ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው፣ ሒሳቡ ቢጎድል የሚመሰክርለት፣ ቢሞት ለወላጆቹ የሚልክለት ማን ነው? አሠሪው እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ከሆነ ሁሉም መልካም ይሆናል። እንደዚህ ያሉ አሠሪዎች እንዳሉም እንመሰክራለን፤ የታመመን ሠራተኛ በራሳቸው መኪና ጎንደር ድረስ ያደረሱ አሉ። ነገር ግን የወጣቱ ጤናና ደመወዝ በአሠሪው ደግነት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ወደዚያው ወደ ሲሴሮ ምሳሌ ተመልሰናል። ደግ ጌታ አግኝቷል።

በምርጫ ረገድስ? የምርጫ ሕጋችን አንድ ሰው በመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር እንዳለበት ይደነግጋል። ድንጋጌው ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ ወጣቱም በትውልድ ቀበሌው ድምፁን ሊሰጥ ይችላል። ይሁንና በዓመት ውስጥ ሦስትና አራት ወር ላቡን በሚያፈስበት፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ በሚወድቅበት ቆላ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጤና ኬላውና ስለ መንገዱ ጸጥታ የሚመክረው ቀበሌ እርሱን የሚጠይቅበት መንገድ የለም። ለሠራተኞቹ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴትም እንዲሁ ናት፤ የእርሷ ነገር እንዲያውም ከእርሱ ይልቅ ተረስቷል። ዴሞክራሲው ቆጥሯቸዋል፤ ሪፑብሊኩ ግን አላገኛቸውም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሕጉ ግን ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የፋብሪካ ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን የእርሻ ሠራተኞችንም በስም ጠርቶ በማኅበር የመደራጀት መብት ሰጥቷቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የወቅት ሥራን ያውቀዋል፤ በቃል የተደረገ የሥራ ውልም የጸና ነው። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠርም ክልክል ነው። ይህን የሚያውቅ ሳሉግ ስንት ነው? ይህን የሚያውቅ አሠሪስ?

በቀድሞው ባህላችን ለዚህ የሚጠቅም ምሳሌ አለ። በወንፈል ዛሬ እኔ ያንተን አርማለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፤ ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ፊት በፍርሃት አናይም። ሰፊው የሰሊጥ እርሻ በወንፈል አይታረስም፤ ያ ዘመን አልፏል። ሆኖም ሥራ ያለ ጌትነት ሊሠራ እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ሀብት ምንጩ የሠራተኛው ልፋት መሆኑን፣ ያልሠራው ከሠራው እየወሰደ የሚኖርበት አገር ሊለማ እንደማይችል አስረድተው ነበር። እኒህ ሰው «ሪፑብሊክ» የሚለውን ቃል ሳያነሡ የሪፑብሊክን ነገር አስተምረዋል እንላለን።

ከድምፅ ቆጠራው በማግሥቱ

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። የቅማንት ሕዝብ በጎንደር ምድር ጥንታዊ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ172 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቅማንት ነን ብለው ተመዝግበዋል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ይህ ስም ራሱን ችሎ አልተቆጠረም። አንድ ሰው ስሙን በመዝገብ ሲፈልግ ቢያጣው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ቅማንት መሆን አያስፈልግም። የክልሉ ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. የራስ አስተዳደር ጥያቄውን ተቀብሎ ለ42 ቀበሌዎች እውቅና ሰጠ። በተቀሩት ላይ ክርክሩ ቀጠለና መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በ8 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 7ቱ በነበሩበት አስተዳደር ለመቆየት፣ 1 ቀበሌ ወደ ቅማንት አስተዳደር ለመግባት ወሰኑ።

የትኛው ቀበሌ በየትኛው አስተዳደር ይሁን የሚለውን በዚህ ጽሑፍ አንዳኝም። የምንለው አንድ ነገር ነው። ሕዝበ ውሳኔ በዴሞክራሲ ዘንድ ክቡር መሣሪያ ነው፤ «የሚወስነው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ 60ው ወደዚህ፣ 40ው ወደዚያ ቢል፣ የተሸነፉት 40ዎቹ በማግሥቱ የማን ይሆናሉ? ያለ ፍርሃት ወደ ገበያ ይወጣሉ? መሬታቸውን ያርሳሉ? የሚዳኛቸው ዳኛ ዘራቸውን ሳይጠይቅ ይፈርድላቸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የድምፅ ቆጠራ መልስ የለውም፤ መልሱ ከቆጠራው በፊት በፍርድ ቤቱ፣ በፖሊሱና በሽማግሌዎቹ ዘንድ ተዘጋጅቶ መቆየት ነበረበት። ያ ስላልነበረ ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ ግጭቱ ወደ ቆላው ወረደ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በጥር 2011 ዓ.ም. በመተማ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 58 ሰዎች መገደላቸውን ጽፏል። የሞቱት ለአንዱ ወገን ብቻ የሚቆጠሩ አልነበሩም በሚለው ክርክር ሳንጠመድ፣ ለዓመታት አብረው ዕድር የገቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንደተፈራሩ ማሰቡ ይበቃናል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ዓለም በጦርነት በምትቃጠልበት በ1944 እ.ኤ.አ. ለልደት በዓል ባስተላለፉት መልእክት «ሕዝብ»ን ከ«ጅምላ» ለይተው አስተምረው ነበር። ሕዝብ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሰው በገዛ ኅሊናውና ኃላፊነቱ የሚኖርበት ነው፤ ጅምላ ግን ከውጭ በሚገፋው እጅ ዛሬ ወደዚህ፣ ነገ ወደዚያ የሚነዳ ነው። ዴሞክራሲ ሕዝብን ይፈልጋል፤ ጅምላ ሲያገኝ ይበላሻል። በመተማ የሆነውን ስናስብ፣ ሰው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በወገኑ ብቻ መጠራት በጀመረበት ሰዓት ሕዝቡ ወደ ጅምላነት እንደተለወጠ እናያለን። ለዚህም አንዱ ወገን ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ከሩቅ ሆኖ የሚገፋውም እጅ ነበረበት።

በሰው ፈቃድ ሥር የመውደቅ ነገር በዚህ አላበቃም። በጎንደርና በመተማ መካከል ባለው መንገድ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በእነዚህ ዓመታት ተስፋፍቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭትም የገበሬውንና የሾፌሩን ፍርሃት አበዛው። በእጁ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ማንም ይሁን ማን፣ መሣሪያ ለሌለው ጌታ ሆኖ ሊቆም ይችላል። በዚሁ ዓመት በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የገቡት ስደተኞችም ከዚህ አላመለጡም። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩት ብዙዎቹ በደረሰባቸው ጥቃት ተማረው በ2016 ዓ.ም. መጠለያውን ትተው በመንገድ ዳር ሰፍረው ነበር። የስደተኞች ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1110/2011 መልካም መብቶችን ሰጥቷቸዋል። እነርሱ የሪፑብሊኩ ዜጎች አይደሉም፤ በቤቱ ውስጥ ግን እንግዶች ናቸው፤ እንግዳን የሚያስፈራ ቤትም ልጆቹን ሳያስፈራ አይቀርም።

ለካቴኪስቶች

ይህን ጥናት በወጣቶች ጉባኤ ስታቀርቡ ከሲሴሮ ባትጀምሩ ይሻላል፤ ከወጣቶቹ መካከል ቆላ ወርዶ የተመለሰ ስለማይጠፋ ከእርሱ ጀምሩ። ዋጋው ሲነገረው ማን ሰማ? ጽሑፍ ተሰጠው? ሲታመም ማንን ለመነ? «ለመንሁ» ያለበትን ስፍራ ሁሉ ልብ በሉት፤ መብቱ የሆነውን ነገር በልመና ያገኘበት ስፍራ ነውና። አሠሪ የሆነ ምእመን በመካከላችሁ ካለም አታሳፍሩት። እርሱም ከደላላው፣ ከሰሊጡ ዋጋ መውረድና ከመንገዱ ፍርሃት ጋር የሚታገል ሰው ነው፤ የ15 ቀኑን ጽሑፍ ለመስጠት ምን እንደሚያስቸግረው ራሱ ያስረዳ።

ስለ ቅማንት ጉዳይ ስትወያዩ ደግሞ ሁለቱም ወገን በተቀመጠበት እንጂ አንዱ በሌለበት እንዳይሆን አደራ እንላለን። ሁለቱም ወገን የማይገኝበት ቁምስና ከሆነ፣ የሌለውን ወገን ነገር አንድ ሰው እንደ ጠበቃ ሆኖ እንዲያቀርብ አድርጉ።

በደጋ ያላችሁ ቁምስናዎች ወጣቶቹ በሐምሌ ከመውረዳቸው በፊት፣ በሰኔ ወር አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ብትሰበስቧቸው መልካም ነው። የዐዋጁን የ15 ቀን ድንጋጌ በግልጽ አንብቡላቸው፤ የካላዛርን ምልክቶች፣ ይኸውም የማይበርድ ትኩሳትን፣ የሰውነት መክሳትንና የጣፊያ ማበጥን አስረዷቸው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ እንደሚያክምም ንገሯቸው። የእያንዳንዱን ስም፣ የሚሄድበትን እርሻና ከማን ጋር እንደሚሄድ በአንድ ደብተር ጻፉ። በኅዳር መጨረሻ ያንኑ ደብተር አውጥታችሁ ያልተመለሰ ካለ ጠይቁ።